ከመሶቡ ሳይርቁ ክብደት መቀነስ

ክብደት ለመቀነስ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚተወው እንጀራን ነው። ሰኞ ጠዋት አጃ፣ ምሳ ላይ ሰላጣ፣ ማታ ሻይ በሎሚ። ሐሙስ ላይ ራሱን ያዞረዋል። ቅዳሜ ዘመድ ቤት ዶሮ ወጥ ሲቀርብለት የሳምንቱን ረሃብ በአንድ ማዕድ ይክሳል፤ እሑድ ደግሞ «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። ሰውየው ፈቃደ ደካማ ሆኖ አይደለም። ቤቱ የማይበስለውን፣ ጎረቤቱ የማይበላውን ምግብ እየበላ ለመኖር ስለሞከረ ነው። ይህ መመሪያ ምሳና እራቱ እንጀራ በወጥ ለሆነ፣ ለሚጾም፣ እንግዳ ለሚቀበልና ራሱም እንግዳ ለሚሆን ሰው የተጻፈ ነው። ከገበታው ሳይነሡ መቀነስ ይቻላል፤ ሥራው የሚጀመረው ግን ከዘይቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ልኬት

ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጉዎታል፤ ክብደት፣ ቁመትና የወገብ ዙሪያ። ቤትዎ ሚዛን ከሌለ ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲ ወይም መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው ከሚጠብቁት ልጆች ዘንድ ይመዘኑ። ሚዛኖች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ ስለዚህ ዛሬ የወጡበት ሚዛን ላይ በሚቀጥለውም ሳምንት ይውጡ፣ በተቀራራቢ ሰዓትና ልብስ። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ የሚመዘን ሰው ጨው የበዛበት እራት የያዘውን ውኃ ስብ መስሎት ይደነግጣል።

ከዚያ ኪሎዎን በሜትር ለያዙት ቁመትዎ ያካፍሉ፣ ያገኙትን እንደገና ለቁመትዎ ያካፍሉ። 78 ኪሎ የሚመዝንና 1.65 ሜትር የሚረዝም ሰው በዚህ ስሌት ከ28 ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ቁጥር ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከ18.5 እስከ 24.9 ያለውን ጤናማ ይለዋል፤ ከ25 ጀምሮ ክብደቱ ከሚገባው አልፏል፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ነገሩ እንደ ሕመም የሚታይ ውፍረት ሆኗል። ወገብ የሚለካው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ አየር አስወጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የስኳርና የልብ ሕመም ሥጋት መጨመር ጀምሯል። እጅና እግራቸው ቀጭን ሆኖ ቦርጭ ብቻ ያወጡ ሰዎች ይህን ቁጥር እንዳይዘሉት። ሚዛኑ «ደህና ነህ» ሲላቸው ሜትሩ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል።

የመጀመሪያ ግብዎ ከክብደትዎ 5 በመቶ ይሁን። ከላይ ላለው ሰው ይህ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ለማሻሻል የሚበቃ ለውጥ ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ደህና ፍጥነት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከዚያ በላይ ቢወርድ አብዛኛው ውኃ ነውና አይፈንድቁ። በወር 15 ኪሎ እናስቀንሳለን የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ አልፈውት ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ለስኳር ኢንሱሊን ወይም እንክብል የሚወስድ ሰው በዚህ መመሪያ ብቻ አይጀምር፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ሳይሞክር ክብደቱ በራሱ ጊዜ እየወረደ ያለ ሰውም መደሰቱን ትቶ ይመርመር።

የዘይቱ ጀሪካን

አዲስ ዘይት ሲከፍቱ የተከፈተበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። አራት ሰው ያለበት ቤት 5 ሊትር ዘይት በ30 ቀን ከጨረሰ እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ከ330 የማያንስ ካሎሪ ከዘይት ብቻ እየወሰደ ነው። 1 ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ይይዛል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን 120 ገደማ ነው። አንድ የቡና ሲኒ እንደ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ ስለሚይዝ «አንድ ሲኒ ብቻ ነው ጠብ ያደረግሁበት» የተባለው ወጥ ቢያንስ 480 ካሎሪ ተጨምሮበታል። ያው ጀሪካን 45 ቀን እንዲቆይ ቢያደርጉ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ በ110 ካሎሪ ይወርዳል። ማንም አልተራበም፣ ማንም ከትሪው አልተነሣም፣ የዘይቱ ወጪም ቀነሰ።

«የእኛ ንጹሕ የሱፍ ዘይት ነው፣ ኮሌስትሮል የለውም» የሚል ክርክር በየቤቱ አለ። ኮሌስትሮል ከእንስሳት ብቻ የሚገኝ ነገር ስለሆነ የትኛውም የአትክልት ዘይት የለውም፤ ማሸጊያው ላይ በትልቁ መጻፉ የነጋዴ ብልሃት ነው። ለልብ ሲባል የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ከሚረጋው የፓልም ዘይትና ከቅቤ ይመረጣል። ወደ ክብደት ስንመጣ ግን ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ 1 ግራም ስብ፣ ከየትም ይምጣ፣ 9 ካሎሪ ነው። 1 ግራም ስኳር ወይም ዱቄት 4 ነው።

አሁን ወደ ምድጃው። ሽንኩርቱን በጣም አድቅቀው ይክተፉ፤ የደቀቀ ሽንኩርት ቶሎ ሟምቶ ወጡን ስለሚያወፍረው የዘይትን ሥራ ከፊሉን ይሠራል። ከዚያ በደረቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ያቁላሉት። ይህ ከውጭ የመጣ ዘዴ አይደለም፤ እናቶቻችን ዶሮ ወጥ ሲሠሩ ሽንኩርቱን የሚጀምሩት በደረቁ ነው። መያዝ ሲጀምር ጥቂት የፈላ ውኃ ጠብ ያድርጉበት፣ ያማስሉ፣ እንደገና ሲይዝ እንደገና። በርበሬውንም በዚያው መንገድ፣ ውኃ እየጨመሩ፣ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ያብስሉት። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለአራት ሰው ወጥ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በማንኪያ ተለክቶ። ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት መቅዳት ዛሬ ያብቃ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና መከለሻ ሲበዛ ዘይት መቀነሱን ምላስ እምብዛም አያውቀውም። ቅቤ ከወደዱ ከዘይቱ ጋር አይደራርቡት፤ ዘይቱን ይተዉና ወጡ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከላይ ጣል ያድርጉበት። መዓዛው አፍንጫን የሚያገኘው ያኔ ነው።

ብዙ ቤት «ወጥ ደረሰ» የሚባለው ዘይቱ ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ነው። እርስዎም ይህን ምልክት ይጠብቁ፤ ከዚያ የተንሳፈፈውን በጭልፋ ጫፍ ገፈው በዕቃ ያኑሩት፣ ለነገ ቁሌት ይሆናል። ወጡን የሚሠሩት እርስዎ ካልሆኑ በምግብ ሠሪዋ ሙያ ላይ አስተያየት ከመስጠት ይህችን ጭልፋ መጠየቅ ይቀላል። «ዘይት አበዛሽ» ያለ ባል ወይም ልጅ በሰላም እራቱን እንደማይበላ የታወቀ ነው።

የትሪው ሥር

አንድ ሙሉ የጤፍ እንጀራ እንደ ስፋቱና እንደ ውፍረቱ ከ400 እስከ 600 ካሎሪ ይይዛል። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ አሰር አለው፣ ብረት አለው፣ ከነጭ ዳቦና ከማካሮኒ የተሻለ ያጠግባል። እንጀራ የሚያወፍረው መጠኑ ሳይታወቅ ሲበላ ነው፤ በጋራ ትሪ ላይ ደግሞ መጠን አይታወቅም። ሁለት ሰው በሦስት እንጀራ ቢበላ ማን ስንት እንደበላ የሚያውቅ የለም።

ለብቻ በሳህን መብላት ቀላሉ መላ ነው፤ ቤትዎ የሚፈቅደው ከሆነ ያድርጉት። ነገር ግን ብዙ ቤት ተለይቶ መብላት ያኮረፈ ሰው ወግ ነው። እዚያ ከሆኑ ልኩን ለትሪው ያውጡ። ለሁለት ሰው አንድ እንጀራ ከሥር ይነጠፍ፣ አንድ እንጀራ ለሁለት ተቆርጦ ከጎን ይቀመጥ፣ ሌላ እንጀራ ወደ ገበታው አይምጣ። እንጀራው በቅርጫት ሙሉ ተጠቅልሎ ከአጠገብዎ ከተቀመጠ እጅ ሳይታዘዝ ይሄዳል። ከሥር የተነጠፈውን፣ ወጥ የጠጣውን እንጀራ በተመለከተ ክፉ ዜና አለኝ። የገበታው ጣፋጭ ክፍል እሱ ነው፤ የወጡ ዘይት ሁሉ የወረደውም እዚያ ነው። እስከ ዛሬ ትሪውን ጠርገው ይበሉ ከነበር ከሥሩ ግማሹን መተው ብቻውን የሚታይ ለውጥ ያመጣል። ምግብ መጣል ነውር ነው ካሉ፣ እኔም እላለሁ፣ ከሥር የሚነጠፈው ግማሽ እንጀራ ይሁን።

ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን «ወጥ ቆጥብ» እየተባልን አድገናል። ትልቅ ቁራሽ እንጀራ፣ ጫፉ ላይ ወጥ። ያ ሥርዓት ወጥ ለጠፋበት ቤት የተበጀ ነበር፤ አሁን ይገልብጡት። ቁራሹ ይነስ፣ ወጡ ይብዛ። የትሪው ግማሽ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ቀይ ሥር ወይም የቲማቲም ሰላጣ ይሁን። ሩቡ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ዓሣ ወይም ቀይ ሥጋ ይሁን፣ ሩቡ እንጀራ። ድንች አትክልት መሳይ ነው፤ ከእንጀራው ወገን ይቁጠሩት። አትክልቱም በዘይት ከዋኘ ጥቅሙን አጥቷልና ያው የማንኪያ ልክ ይጠበቅበታል። ጎመንን በራሱ ውኃ አብስሎ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሮ ማውጣት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት መጨረሻ ላይ፣ ይበቃዋል።

የሚያጠግበው ክፍል ከገበታዎ እንዳይጎድል ይጠንቀቁ። ምስርና ሽምብራ በፕሮቲንም በአሰርም የተሞሉ ስለሆኑ ከበሉ በኋላ ቶሎ አይርብም። አንድ እንቁላል 70 ካሎሪ ገደማ ብቻ ይዞ 6 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። አይብ ደግሞ የሚገባውን ያህል ያልተከበረ ምግብ ነው፤ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ትንሽ ነው፣ ጎመን በአይብም ለእራት ሙሉ ምግብ ይሆናል። ቅቤ እንደገና እስካልተጨመረበት ድረስ ማለቴ ነው።

ቁርስ ላይ የሚሸነፉት በፍርፍር ነው። ድርቆሽ ዘይትና ቅቤን የሚመጥ ነገር ስለሆነ ትንሽ የሚመስል ሰሃን ብዙ ይሸከማል። በሳምንት አንድ ቀን ይተዉለትና በሌሎቹ ቀናት ቂንጬ፣ የተቀቀለ እንቁላል በቁራሽ ዳቦ፣ ፉል ወይም ትናንት የቀረ ምስር በሩብ እንጀራ ይብሉ። ጨጨብሳና ፈጢራ የበዓል ናቸው። መክሰስ ላይ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ይለፉዎት፤ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም አንድ ብርቱካን ይበቃል። ቆሎው ውስጥ ለውዝ ካለ እፍኙ እውነት እፍኝ ይሁን። 100 ግራም ለውዝ ከ550 ካሎሪ በላይ ስለሚይዝ እየተጨዋወቱ አንድ ምሳ መብላት ይቻላል።

የሚጠጣው ነገር

ስኳር ጥርስ ላይ ስለማይቆም የበላን አይመስለንም። አቦል፣ ቶናና በረካ በሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ 6 ማንኪያ ነው። በቀን ሁለት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ሲጨመር 12 ይሆናል፤ ይህ 48 ግራም ስኳር፣ 190 ካሎሪ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል፤ 5 በመቶው ለአንድ አዋቂ 25 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለበት።

በአንድ ቀን አይተዉት፤ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ስኒ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። ምላስ በዚህ ፍጥነት ሲሄዱበት አያምፅም፣ ወር ተኩል ሲሞላ የድሮው ሻይ ማር ይመስልዎታል። ቡናን ያለ ስኳር ለመልመድ ጤና አዳም ይረዳል። ለስላሳ መጠጥን ግን ቀስ በቀስ ማለት አያስፈልግም፤ ወደ ቤት አይግባ።

ጁስ ቤት ብዙ ሰው የሚታለልበት ቦታ ነው። አቮካዶ ጥሩ ፍሬ ነው፣ ስቡም ደህና ስብ ነው፤ ነገር ግን ሁለት አቮካዶ፣ ስኳርና ከላይ የሚፈስ ሽሮፕ ያለበት አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ከምሳ በኋላ የተጠጣ ሁለተኛ ምሳ ነው። ከጠጡት ምሳዎ እሱ ይሁን፣ «ስኳር አይግባ» ይበሉ። ፍሬውን በጥርስ መብላት ሁልጊዜ ይሻላል። ቢራ በጠርሙስ ከ130 እስከ 150 ካሎሪ አለው፤ ከቢራው ይልቅ የሚጎዳው አብሮት የሚመጣው ጥብስ ነው።

ጾምና ፍስክ

በጾም እንዴት ይወፈራል ብሎ የሚገረም ሰው ብዙ ነው። የሁዳዴው 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም፤ ቅቤ የለም። ዘይት ግን አለ፣ ዳቦ አለ፣ ለውዝ ቅቤ አለ፣ ሐላዋ አለ። ቅቤው የወጣበትን ቦታ ዘይት በእጥፍ ይሞላዋል፤ «የጾም ስለሆነ ቀላል ነው» የሚል ስሜትም መጠኑን ያዘነጋል። በዚያ ላይ እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ሆድ የቆየ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ሳያኝክ ይውጣቸዋል።

ሲገድፉ በውኃ ይጀምሩ። ከዚያ ትኩስ የአትክልት ወይም የምስር ሾርባ፣ ወይም አንድ ሰሃን ሰላጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አይጠፋም። ትሪው የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው። ሆድ መጥገቡን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ በረሃብ የቀረበ ሰው ይህን ጊዜ አይሰጠውም። እራት ላይ ምሳውን አይድገሙ፤ አንዱ ዋና ምግብ ሆኖ ሌላው ሾርባ ወይም ንፍሮ ይሁን። በየቀኑ አንድ የጥራጥሬ ወጥ አይቅር፤ ዳቦ በሻይ ብቻ እየበሉ የሚጾሙ ሰዎች ጡንቻቸው ይደክማል፣ ክብደታቸው ግን አይወርድም። ሱፍ፣ ተልባና ሰሊጥ ጠቃሚ ናቸው፣ የቅባት እህል መሆናቸው ግን አይረሳ። ሱፍ ፍትፍት ካለ ያን ቀን ሌላው ወጥ ዘይት አይፈልግም።

ረመዳን ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ተምር ሦስት ፍሬ፣ ውኃ፣ ሾርባ፣ ከዚያ ሶላት፤ ይህ ቅደም ተከተል ራሱ የሩብ ሰዓቱን ዕረፍት ይሰጣል። ችግሩ የሳምቡሳው ትሪ ነው። አንድ ለባህሉ፣ ሁለተኛው ለዐይን አምሮት፣ ሦስተኛው ግን ምክንያት የለውም። ሱሁር ላይ ጣፋጭ ነገር ከመብላት ፉል፣ እንቁላል ወይም እርጎ ከቂንጬ ጋር መብላት ቀኑን ያሻግራል።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ ሳይበሉ በተወሰደ መድኃኒት የደም ስኳር ወርዶ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። የንስሐ አባትም ሆኑ ኢማም ለታመመ ሰው ምን እንደሚፈቀድ ያውቃሉ፤ ይጠይቋቸው።

የፋሲካ ሌሊት ምክር የሚሰማ ሰው የለምና ሁለት ነገር ብቻ። ዶሮውን ይብሉ፣ ከሥጋው ጋር ሌላ ሥጋ አይደራርቡ። ፋሲካ አንድ ቀን ነው፤ ክብደት የሚመጣው ቀጥሎ ያሉትን 50 ቀናት ሁሉ ፋሲካ በማድረግ ነው።

«በሞቴ!»

ይህን ክፍል የውጭ የአመጋገብ መጻሕፍት አያውቁትም። ሰው ቤት ሄደው «በቃኝ» ሲሉ ምግቡ መጥፎ ነው ያሉ ያህል ነው። «በሞቴ!» ከተባለ በኋላ ደግሞ ክርክር አይሠራም። ስለዚህ ከክርክሩ በፊት የሚደረጉ ነገሮችን ይያዙ። ተርበው ሰው ቤት አይሂዱ፤ ከቤት ሲወጡ አንድ እንቁላል ወይም አንድ ሙዝ ይብሉ። ቀስ ብለው ይጉረሱ፣ ጨዋታውን ያብዙ። ሳህንዎን ባዶ አያድርጉ፤ አስተናጋጅ የሚሞላው የጎደለ ሳህን ነው፣ ፊቱ ምግብ ያለበትን ሰው የሚታገል የለም። የመጀመሪያውን ጭልፋ ራስዎ ያውጡ፤ ሌላ ሰው ካወጣልዎ የፍቅሩን ያህል ነው የሚያወጣው። ጉርሻውን ይቀበሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውም ሲመጣ አይሸሹ፤ ሁለት ጉርሻ ማንንም አላወፈረም፣ ከጉርሻው በኋላ የሚወጣው ተጨማሪ ጭልፋ እንጂ።

«ዳይት ላይ ነኝ» አይበሉ። ይህ ቃል ክብ ሠርቶ የተቀመጠውን ሁሉ የአመጋገብ ባለሙያ ያደርገዋል። «ሐኪም ማታ ማታ ከባድ ነገር እንዳልበላ ነግሮኛል» ማለት፣ ነግሮዎት ከሆነ፣ ክርክሩን ይዘጋል።

ሌላም ይመጣል። 4 ወይም 5 ኪሎ ሲወርዱ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» የሚል ፊት ይገጥምዎታል። በእኛ ዘንድ መወፈር ተመቸው፣ መክሳት ተጎዳ ማለት ስለነበር ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ዘይት ቀነስኩ» ብለው ይለፉ። ይህን ጥያቄ ፈርተው ወደ ድሮ ገበታቸው የተመለሱ ሰዎች አሉ።

ምግብ ቤት ሲገቡ ደግሞ በያይነቱ ከጥብስ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ለሁለት አንድ ይዘዙ፣ «ጭማሪ እንጀራ አታምጣ» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ጥብስ ካማረዎ ድስቱ ሥር የቀረውን ዘይት በእንጀራ አይጥረጉ። ክትፎ ለብለብም ሆነ ጥሬ፣ ቅቤው ያው ነው።

እግርና የቦርጭ ሻይ

ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ለ70 ኪሎ ሰው ከ120 እስከ 150 ካሎሪ ያቃጥላል፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም። ምድጃው ሳይስተካከል በእርምጃ ብቻ ቦርጭ አይጠፋም የምለው ለዚህ ነው። እርምጃ ግን ጡንቻን ይጠብቃል፣ የደም ስኳርን ያወርዳል፣ የወረደው ክብደት እንዳይመለስም ይረዳል። ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ፣ ከእራት በኋላ ሰፈር ውስጥ ሩብ ሰዓት ይዙሩ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ የስኳር ሕመም ሲገቡ እምብዛም አልነበረም፤ በተከታዮቹ ዓመታት ግን በፍጥነት መጨመሩን የአገሩ ሐኪሞች መዝግበዋል። እግረኛው ገበሬ ተቀማጭ ሲሆን፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ገበታው ላይ ሲወጣ ይህ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይም ከጭቃ መንገድ ወደ ሊፍት የተዛወረ ሰው ያው ጉዞ ላይ ነው።

ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ዝንጅብል፣ ኮምጣጤ፣ ሽፈራው፤ ጠልተዋቸው ካልሆነ ይጠጧቸው፣ ስብ ግን አያቀልጡም። በፓኬት የሚሸጠው «የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ» ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ነገር ያለበት ነው። የሚወርደው ውኃ ነው፤ ሲለመድ አንጀትን ያሰንፋል፣ ከሰውነት ጨዎችን ያጥባል።

ሚዛኑ ሲቆም

ከሁለት ወር በኋላ ገደማ ሚዛኑ ሊቆም ይችላል። የቀለለ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ስለሚቀንስ የሚጠበቅ ነው። አይራቡ፣ ምሳ አይዝለሉ። መጀመሪያ ማንኪያው መለኪያ መሆኑን እንዳልተወ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ጨመር» እየተባለ ሦስቱ ማንኪያ አምስት ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ሦስት ቀን የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ድስት ስር የተቀመሰው፣ ልጅ ያስተረፈው፣ ቢሮ ውስጥ የተከፈለው ድፎ ዳቦ ሁሉ ይገባል። ከዚያም ካልተገኘ ከእራቱ ሩብ እንጀራ ይቀንሱ፣ በእርምጃው ላይ 10 ደቂቃ ይጨምሩ፣ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ወገብዎንም ይለኩ፤ ሚዛኑ ቆሞ ሜትሩ እየጠበበ ከሆነ ምንም አይንኩ። ሌሊት ስድስት ሰዓት የማይሞላ እንቅልፍ የሚተኙ ከሆነ ከምግቡ በፊት እሱን ያስተካክሉ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው።

ግብዎ ላይ ሲደርሱ የቀነሱትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመልሱ። በመጀመሪያው ወር ሩብ እንጀራ ወደ ምሳው ይመለስ፤ የዘይቱ ልክ ባለበት ይቆይ። ከዚያ ወዲያ በወር አንድ ጊዜ ይመዘኑ፤ 2 ኪሎ ጨምረው ካገኙ ያን ሩብ እንጀራ እንደገና ያንሱት።